የባሕር ነዳጅ ዋሱ ማነው?

በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዋልረስ የለም። ዋልረስ ማለት ያ ሁለት ረጃጅም ጥርስ ያለው፣ በሰሜን ዋልታ በረዶ ላይ ተጋድሞ የሚውለው ግዙፍ የባሕር እንስሳ ነው። የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ሰው በቁምጣ የሚዋኝበት ሙቅ ውሃ ነው። ሆኖም ቢፒ የተባለው የእንግሊዝ ነዳጅ ኩባንያ እዚያ ባሕር ላይ ነዳጅ ቢፈስ ምን እንደሚያደርግ ዕቅድ ሲያስገባ፣ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው እንስሳት ዝርዝር ውስጥ ዋልረስን ጽፏል። ከአላስካ የተገለበጠ ይመስላል። ሌሎች ትልልቅ ኩባንያዎች ያስገቧቸው ዕቅዶችም ከዚሁ ብዙም አይለዩም ነበር። አደጋ ሲደርስ ይደወልለታል ተብሎ የተመዘገበ አንድ ባለሙያም ነበረ። ሰውየው ዕቅዱ ከመጻፉ ከዓመታት በፊት ሞቷል።

የአሜሪካ መንግሥት ዕቅዱን ተቀብሎ አጽድቆታል። አንብቦት ቢሆን ኖሮ ዋልረሱ ባላለፈ ነበር።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2, 2010 ፕሬዚዳንት ኦባማ የባሕር ላይ ቁፋሮን ለማስፋት ያወጡትን ዕቅድ ሲያስረዱ፣ የዛሬ የቁፋሮ መድረኮች በጥቅሉ ነዳጅ አያፈሱም፣ ቴክኖሎጂያቸው የረቀቀ ነው አሉ። (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ይህን ባሉ በ18ኛው ቀን፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ለቢፒ ይቆፍር የነበረው ዲፕዎተር ሆራይዘን የተባለ መድረክ ፈነዳ።

ስለ ባሕር ነዳጅ የሚደረገው ክርክር እስካሁን ከዚያች ሌሊት አልወጣም። ስለዚህ ሌሊቷን ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንያት።

ጉድጓዱ ማኮንዶ ይባላል። ከአሜሪካዋ የሉዊዚያና ግዛት ዳርቻ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ውሃው ራሱ 1500 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ከውሃው ሥር ደግሞ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ድንጋይና አሸዋ ተበስቷል። እዚያ ታች ያለው ነዳጅና ጋዝ እንዴት እንደታፈነ ለመረዳት አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ በደንብ ነቅንቁና ክዳኑን ላላ አድርጉት። ልብሳችሁ ይበሰብሳል፣ አይደል? የነዳጅ ጉድጓድም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ የግፊቱ መጠንና ጋዙ በእሳት መያያዙ ነው።

ቆፋሪዎች ግፊቱን የሚይዙት በክብደት ነው። "ጭቃ" የሚሉት ከባድ ፈሳሽ አለ። ጉድጓዱን በእሱ ይሞሉታል፤ ጭቃው በክብደቱ ጋዙን ወደ ታች ይጫነዋል። ቁፋሮው ሲያልቅ ከታች ሲሚንቶ ያፈሱና አፉን ይደፍኑታል። ሲሚንቶው በደንብ ከያዘ ጭቃውን አውጥቶ በቀላል የባሕር ውሃ መተካት ይቻላል። ካልያዘ ግን ጭቃውን ማንሳት ማለት የአምቦውን ክዳን መክፈት ነው።

ኤፕሪል 20 ቀን የነበረው ጥያቄ እንግዲህ አንድ ነው። ሲሚንቶው ይዟል ወይስ አልያዘም? ይህን በመሣሪያ የሚመረምር ቡድን መድረኩ ላይ ነበረ። በዚያው ቀን ጠዋት ምርመራው አያስፈልግም ተባለና ወደ መሬት ተመለሰ። ዋጋው 128 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ሥራው ከዕቅዱ ስድስት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነበር። አንድ ተጨማሪ ቀን ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ይበላል። እዚህ ላይ ማንም ሰው ክፉ መሆን አላስፈለገውም። ሁሉም ሰዓት እያየ ነበር፣ በቃ።

ማታ ላይ የግፊት ፍተሻ ተደረገ። ሁለት ጌጆች፣ ማለትም የግፊት መለኪያዎች፣ ነበሩ። አንዱ ዜሮ አለ። ሌላው ደግሞ 1400 ፒኤስአይ አለ፣ ማለትም ከታች የሚገፋ ነገር አለ። ሁለቱ አንድ ላይ እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ሠራተኞቹ ተወያዩ። ለከፍተኛው ቁጥር አንድ ምክንያት ፈለጉለትና ዜሮውን አመኑ። ጭቃው ወጣ።

በነገራችን ላይ የዚያን ቀን የኩባንያዎቹ አለቆች መድረኩ ላይ በእንግድነት ነበሩ። ከሚከበሩት ነገሮች አንዱ መድረኩ ሰባት ዓመት ሙሉ ሠራተኛ ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት ሳይደርስበት መቆየቱ ነበር። ጉድ ነው።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ጋዙ መጣ። መድረኩ ላይ 126 ሰዎች ነበሩ። 11ዱ ሞቱ። ከባሕሩ ወለል ላይ 400 ቶን ገደማ የሚመዝን የብረት ግንብ ተተክሏል። ሁሉ ነገር ቢበላሽ ቧንቧውን እንደ መቀስ ቆርጦ ጉድጓዱን የሚዘጋ የመጨረሻ መከላከያ ነው። ቧንቧው ግን በግፊቱ ጎብጦ ነበርና መቀሱ በትክክል አልቆረጠውም። መድረኩ ሁለት ቀን ነደደና ሰጠመ። ጉድጓዱ 87 ቀን ፈሰሰ።

ስንት ፈሰሰ? መጀመሪያ በቀን 1000 በርሜል ተባለ። ከዚያ 5000። መጨረሻ ላይ የመንግሥት ሳይንቲስቶች ቁጥሩን በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀን ወደ 62 ሺህ በርሜል አደረሱት። ልዩነቱን ተመልከቱ። ቅጣቱ የሚሰላው ባሕር ውስጥ በገባው በርሜል ልክ መሆኑን ስታውቁ ደግሞ ቁጥሩ ለምን ማነስ እንደወደደ ይገባችኋል። ቢፒ በ2012 ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ካመነባቸው ክሶች አንዱ የፍሰቱን መጠን በተመለከተ የአሜሪካን ኮንግረስ ማሳሳቱ ነው። ፍርድ ቤት በመጨረሻ ባሕር ውስጥ ገባ ያለው 3.19 ሚሊዮን በርሜል ነው። የመንግሥት ግምት ከዚያም በላይ ነበር።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ።

የቁፋሮ ደጋፊዎች አንድ የሚወዱት ቁጥር አላቸው። ሐሰት አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2003 ባወጣው ጥናት በዓለም ውቅያኖሶች ከሚገባው ነዳጅ ግማሽ የሚጠጋው ከባሕሩ ወለል በራሱ የሚመነጭ ነው። ከቀሪው አብዛኛው ከመኪናና ከፋብሪካ፣ ከከተማ ጎርፍና ከመርከብ ይመጣል። ቁፋሮና ምርት የሚያፈሱት 3 በመቶ ብቻ፣ ማለትም በዓመት 38 ሺህ ቶን ገደማ ነው። "እናንተ መኪናችሁን ስታሽከረክሩ ከእኛ የበለጠ ታፈሳላችሁ" ይላሉ። እውነት አላቸው።

ግን እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 3.19 ሚሊዮን በርሜል በክብደት 430 ሺህ ቶን ገደማ ነው። ይህ በ38 ሺህ ሲካፈል 11 ይሆናል። አንድ ጉድጓድ በ87 ቀን የዓለም የነዳጅ ምርት በሙሉ በ11 ዓመት ያፈስሰዋል የተባለውን አፈሰሰ። አማካይ ቁጥር የሚያታልለው እዚህ ጋ ነው። የባሕር ቁፋሮ በየቀኑ ሲታይ ንጹሕ ነው ቢባል ብዙም ሐሰት አይሆንም። ጣጣው ከሺህ ቀን አንዷ ቀን ናት። ያቺ ቀን ደግሞ ስትመጣ ከ999ኙ ቀናት የምትበልጥ ናት። ሰባት ዓመት ሙሉ ያለ አደጋ የሠራው መድረክ ይህንን በራሱ ላይ አሳይቷል።

ደግሞ አዲስ ነገር አልነበረም። በ1979 የሜክሲኮ መንግሥት ኩባንያ ፔሜክስ ኢክስቶክ የተባለ ጉድጓድ ሲቆፍር ያው ዓይነት አደጋ ደረሰበት። ውሃው 50 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ለመዝጋት ከዘጠኝ ወር በላይ ፈጀ። ከ31 ዓመት በኋላ በ1500 ሜትር ጥልቀት ሲደገም የመጨረሻው መድኃኒት ያው ነበር፤ ከጎን ሌላ ጉድጓድ መቆፈር። የመቆፈሪያው ጥበብ ሰማይ ነክቷል። የመድፈኛው ጥበብ ባለበት ቀርቷል ለማለት ይቃጣኛል።

ስለ ጉዳቱ ሲወራ ሁሌም የሚታየው ፎቶ በነዳጅ የተለወሰ ወፍ ነው። ወፉ እውነት ነው። ግን ፎቶ የማይነሳው ይብሳል።

ቢፒ ወደ 7 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ኮሬክሲት የተባለ ኬሚካል ረጨ። ሥራው የወጥ ድስት ስታጥቡ ሳሙና እንደሚሠራው ነው። ቅባቱን አያጠፋውም፣ ይበታትነዋል። ከላይ ተንሳፍፎ ወደ ዳርቻ የሚሄደው ነዳጅ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ከኬሚካሉ 40 በመቶ የሚሆነው ከላይ ሳይሆን እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው የተለቀቀው። እንዲህ በብዛት በዚያ ጥልቀት ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር። ዳርቻው በተወሰነ ደረጃ ተረፈ። ዓሣ አጥማጁና ቱሪስቱ የሚያዩት ዳርቻውን ነው፤ ካሜራውም እዚያው ነው። በጨለማው ጥልቀት ግን ከጉድጓዱ 11 ኪሎ ሜትር ርቀው የሚገኙ፣ ዕድሜያቸው በመቶዎች የሚቆጠር ኮራሎች (ወለሉ ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያድጉ እንስሳት) ቡናማ ነገር ተደፍቶባቸው ተገኙ። አንድ ኮራል ጣት የምታህል ለማደግ ዓመታት ይፈጅበታል።

የዶልፊኖቹ ነገር ደግሞ አለ። በሉዊዚያና ባራታሪያ የባሕር ወሽመጥ ሳይንቲስቶች እርጉዝ ዶልፊኖችን ለዓመታት ተከታተሉ። በሕይወት የሚቆይ ግልገል የወለዱት ከአምስቱ አንዷ ብቻ ናቸው። ነዳጅ ባልነካው ሌላ አካባቢ ከ10 ስምንቱ ይወልዳሉ። ሳንባቸው ታሟል፤ ውጥረትን የሚቆጣጠረው ዕጢያቸው ደክሟል። ይህ በአንድ ቀን ዜና የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ሰውስ? በአደጋው ጊዜ በባሕረ ሰላጤው የአሜሪካ ፌዴራል ውሃ 37 በመቶ የሚሆነው ለዓሣ ማጥመድ ተዘጋ። ሽሪምፕና ኦይስተር የተባሉ የሚበሉ የባሕር እንስሳትን አጥምዶ የሚኖረው ሕዝብ ጀልባውን አሰረ። ብዙዎቹ በዚያው ጀልባ ነዳጅ ጠራጊ ሆነው ለቢፒ ተቀጠሩ። በባሕር የኖረ ሰው ባሕሩን ላበላሸው ኩባንያ ባሕሩን ሲጠርግ አስቡት።

ነገሩን ከሩቅ ለምናይ ሰዎች እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ኦባማ የጥልቅ ባሕር ቁፋሮን ለስድስት ወር ሲያግዱ በጣም የተቆጣው ማን ነበር? ራሷ ሉዊዚያና። በጁላይ 2010፣ ጉድጓዱ መፍሰስ ባቆመ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ ላፋዬት ከተማ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ተሰብስቦ ቁፋሮው ይቀጥል አለ። የዚያ አካባቢ ሰው አንዱ ወንድም ሽሪምፕ ያጠምዳል፣ ሌላው መድረክ ላይ ሁለት ሳምንት ሠርቶ ሁለት ሳምንት ያርፋል። ሞርጋን ሲቲ የምትባል ከተማ በየዓመቱ "የሽሪምፕና የፔትሮሊየም ፌስቲቫል" ታከብራለች። ቀልድ አይደለም፣ ስሙ እንደዚያ ነው። ያረጁ መድረኮች እግራቸው ውስጥ ዓሣ ስለሚራባ አጥማጆቹ ራሳቸው እዚያው ሄደው መንጠቆ ይጥላሉ። ከ500 በላይ የሚሆኑት ሆን ተብሎ ለዓሣ ቤት እንዲሆኑ ባሕር ውስጥ እንዲቀሩ ተደርጓል። "ነዳጅ ወይስ ተፈጥሮ" የሚለው ጥያቄ ዋሽንግተን ላይ ቀላል ነው። ሞርጋን ሲቲ ላይ ግን አንድ የቤተሰብ ምሳ ያበላሻል።

ጎረቤቷ ፍሎሪዳ ደግሞ በተቃራኒው ናት። እሷ የምትኖረው በነጭ አሸዋዋ ነው። በዚህ ጉዳይ ሪፐብሊካኑም ዴሞክራቱም አንድ አፍ ናቸው። በ2018 መራጮቹ በክልሉ ውሃ ላይ ቁፋሮን በሕገ መንግሥት ከለከሉ። (የሚገርመው ያው ማሻሻያ የኤሌክትሪክ ሲጋራ በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስንም አብሮ ይከለክላል። ሁለቱን ምን እንዳገናኛቸው አትጠይቁኝ።) በኖቬምበር 2025 የትራምፕ አስተዳደር እስከ 34 የሚደርስ አዲስ የባሕር ይዞታ ጨረታ የሚያወጣ ረቂቅ ዕቅድ ሲያቀርብ፣ የፍሎሪዳ ሪፐብሊካኖችም ተቃውሞ አሰምተዋል። ዕቅዱ ከ1984 ወዲህ አዲስ የፌዴራል ይዞታ ያልተሸጠባትን ካሊፎርኒያንም ይነካል። የካሊፎርኒያ ቁስል በ1969 ከሳንታ ባርባራ ፊት ለፊት የደረሰው ፍሳሽ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ንቅናቄ ትልቅ ጉልበት ያገኘው ከዚያ ነው።

የደጋፊዎቹ ጠንካራ ክርክር ይህ ነው። ከባሕረ ሰላጤው በቀን ወደ 1.8 ሚሊዮን በርሜል ይወጣል። ያ ቢቆም የአሜሪካ ሹፌር መንዳት አያቆምም። ነዳጁ ከሌላ አገር በመርከብ ይመጣል፤ መርከብም ያፈሳል። በዚህ ላይ ከእነሱ ጋር ነኝ። ጉድጓድ መዝጋት ብቻውን የሚነዳ መኪና ቁጥር አይቀንስም። የተቃዋሚዎቹም መልስ ቀላል አይደለም። ዛሬ በጨረታ የተሸጠ ይዞታ ነዳጅ የሚሰጠው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚያም ለ30 ዓመት ይቀዳል። ስለዚህ የዛሬ ፈቃድ የዛሬን ቤንዚን አያረክስም፤ የልጆቻችንን አየር ግን ከወዲሁ ይወስናል ይላሉ። ይህም እውነት ነው።

እንግዲህ ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔን የሚከነክነኝ ሁለቱም ቶሎ የማያነሱት ሌላ ጉዳይ ነው።

አገር ቤት መጀመሪያ ሥራ ስቀጠር ዋስ አምጣ ተባልኩ። ከገንዘብ ጋር ምንም የማያገናኘኝ ተራ ሥራ ነበር። አንድ የሩቅ ዘመዴን አስቸግሬ፣ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ አስጽፎ፣ መጥቶ ፈረመልኝ። ንብረት ባጠፋ ከእሱ ደመወዝ ሊቆረጥ ማለት ነው። እኛ ዘንድ አንድ ገንዘብ ያዥ እንኳ ያለ ዋስ ቁልፍ አይረከብም። ታዲያ ባሕር የሚረከበው ኩባንያ ዋሱ ማነው?

በአሜሪካ ሕግ መልሱ ለረጅም ጊዜ አሳፋሪ ነበር። የ1990ው የነዳጅ ብክለት ሕግ አንድ የባሕር ላይ መድረክ ነዳጅ ቢያፈስ፣ ከጠረጋው ወጪ ሌላ ለሚያደርሰው ጉዳት ካሳ ጣሪያውን 75 ሚሊዮን ዶላር አድርጎት ነበር። የሽሪምፕ አጥማጁም፣ የሆቴሉም፣ የባሕሩም ካሳ በሙሉ ከዚያ ውስጥ ነው። ከባድ ቸልተኝነት ከተረጋገጠ ጣሪያው ይነሳል። የቢፒ ጠቅላላ ወጪ በመጨረሻ 65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ቢፒ ጣሪያውን አልጠቀምበትም አለ፤ ፖለቲካው ምርጫ አልሰጠውም። ዋናው ነገር ግን ኪሱ ትልቅ ነበር። ጉድጓዱን የቆፈረው አንድ ትንሽ ኩባንያ ቢሆን ኖሮስ? ኪሳራ አወጀ፣ ቢሮውን ዘጋ፣ አለቀ። ከአደጋው በኋላ ጣሪያው ከፍ ተደረገ፤ ወደ 134 ሚሊዮን። አዎ፣ ሚሊዮን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ይሄኛው ውሻ ደግሞ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው።

ይህ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቴይለር ኢነርጂ የሚባል አነስ ያለ ኩባንያ በሉዊዚያና ፊት ለፊት አንድ መድረክ ነበረው። በ2004 ኢቫን የተባለ ማዕበል መጣ። ማዕበሉ የባሕሩን ወለል ጭቃ አናደና መድረኩ ወደቀ። የጉድጓዶቹ አፍ በጭቃ ተቀበረ። ነዳጁ ግን መውጣቱን አላቆመም። ለስድስት ዓመት ሕዝቡ የሰማው ነገር የለም። በ2010 የቢፒን አደጋ ከአውሮፕላን ሊያዩ የወጡ የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ከማኮንዶ ጋር የማይገናኝ ሌላ የዘይት መስመር ውሃው ላይ አዩ። እንዲህ ነው የታወቀው። ኩባንያው የሚወጣው በቀን ጥቂት ጋሎን ነው ሲል ቆየ። በ2019 የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ባሕሩ ወለል ላይ የመሰብሰቢያ መሣሪያ አስተከለ። መሣሪያው በቀን ከ1000 ጋሎን በላይ፣ ወደ 4 ሺህ ሊትር ገደማ ይሰበስብ ጀመር። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ፍንዳታ የለም፣ ካሜራ የለም፣ 15 ዓመት።

የቴይለር ታሪክ ግን አንድ ደግ ጎን አለው። በ2008 መንግሥት ኩባንያውን ለጽዳት የሚሆን 666 ሚሊዮን ዶላር በአደራ ሒሳብ አስቀምጥ ብሎት ነበር። ኩባንያው በኋላ ገንዘቤን መልሱልኝ ብሎ ከሰሰ። በ2021 በስምምነት ሲያልቅ ቀሪው 432 ሚሊዮን ዶላር ለመንግሥት ገባ። ኩባንያው ቀድሞውኑ ሥራ አቁሟል። በአደራ የተቀመጠው ገንዘብ ባይኖር ይህን ሁሉ የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነበር። ዋስ ማለት ይኼ ነው።

ችግሩ የቴይለር ነገር ልዩ አጋጣሚ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የመንግሥት ኦዲት ቢሮ በ2024 እንዳስታወቀው በባሕረ ሰላጤው ሥራቸው አልቆ መደፈን ሲኖርባቸው ጊዜያቸው ያለፈ ከ2700 በላይ ጉድጓዶችና 500 መድረኮች አሉ። በአጠቃላይ በባሕር ላይ ያለውን ሁሉ ለመዝጋት ከ40 እስከ 70 ቢሊዮን ዶላር ይፈልጋል። መንግሥት በተጨማሪ ዋስትና የያዘው 3.5 ቢሊዮን ገደማ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ጉድጓዱ ሲያረጅ ለትንንሾቹ ይሸጡታል። ትንንሾቹ የመጨረሻዋን ጠብታ ይቀዱና ይከስራሉ። ሕጉ ወደ ቀድሞ ባለቤቶች ተመልሶ መጠየቅ ይፈቅዳል፤ ጥሩ ሕግ ነው። የመጀመሪያ ባለቤት በሌለበት ቦታ ግን ሒሳቡ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው።

አሜሪካ እንዲህ ከሆነች ድሃ አገርስ?

ጉያናን ውሰዱ። በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ዳርቻ ላይ ያለች፣ ሕዝቧ 800 ሺህ ገደማ የሆነ አገር ናት። በ2015 ኤክሰንሞቢል ከባሕሯ ነዳጅ አገኘ፤ በዲሴምበር 2019 መቅዳት ጀመረ። ከዚያ በፊት የአገሪቱ ጠቅላላ ዓመታዊ ምርት 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ለጉያና ሰው "ባሕራችሁን አትንኩ" ማለት ለእኔ ይከብደኛል። እኛም ኦጋዴን ጋዝ አለ ሲባል ስንት ዓመት ጆሯችንን ቀስረናል። ድሃ አገር በደጁ ያለውን አይንካ የሚል ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ቀድሞ ከነካው ነው።

ግን ጉያናውያን ራሳቸው የዋሱን ጥያቄ አነሱ። ሁለት ዜጎች ከሰሱ። በሜይ 2023 ዳኛ ሳንዲል ኪሱን የኤክሰን ቅርንጫፍና ወላጅ ኩባንያው ለሚደርስ ጉዳት ሁሉ ጣሪያ የሌለው ዋስትና እንዲያስገቡ አዘዙ። የአገሪቱን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ለኩባንያው ለስላሳ ሆኗል ብለው በጠንካራ ቃል ወቀሱ። መሥሪያ ቤቱ ምን አደረገ? ይግባኝ አለ። ማለትም ተቆጣጣሪው ከተቆጣጠረው ጎን ቆመ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ትእዛዙን አግዶ በመሃሉ የ2 ቢሊዮን ዶላር ዋስትና እንዲቀመጥ ወሰነ። 2 ቢሊዮን ብዙ ይመስላል። ከማኮንዶ 65 ቢሊዮን አጠገብ ሲቀመጥ 3 በመቶ ነው። ነዳጁ ቢፈስ ደግሞ ጅረቱ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በባሕርና በቱሪስት ወደሚኖሩት የካሪቢያን ደሴቶች ነው የሚወስደው። እነሱ ከገቢው ድርሻ የላቸውም።

ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። የወደብ ባለቤት ባንሆንም ነዳጃችን ሁሉ በባሕር ነው የሚመጣው፤ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የውጭ ንግዳችንም በጂቡቲ ያልፋል። ቀይ ባሕር ላይ፣ ከየመን ዳርቻ፣ ሴፈር የምትባል በ1976 የተሠራች መርከብ ለዓመታት 1.14 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ይዛ ስትዝግ ኖረች። ባለቤቷ የየመን መንግሥት ኩባንያ ነው፤ መንግሥቱ ደግሞ ጦርነት ላይ። ዋስ የለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ መርከቧ ብትፈነዳ ጽዳቱ ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል፣ በባብ ኤል መንደብ የሚያልፈው መርከብም ይስተጓጎላል ብሎ አስጠነቀቀ። ከዚያ ገንዘብ መለመን ጀመረ። አገራት ጥቂት ጥቂት አዋጡ። ተራ ሰዎችም በኢንተርኔት ላኩ። በመጨረሻ ድርጅቱ አሮጌ መርከብ በ55 ሚሊዮን ዶላር ገዛና በኦገስት 2023 ነዳጁ ተዛወረ። ተረፍን። ቀይ ባሕርን ያተረፈው መዋጮ ነው፤ እንደ ዕድር።

አሁን ደግሞ ሶማሊያ ተራዋ ደርሷል። በማርች 2024 ከቱርክ ጋር የነዳጅ ስምምነት ፈረመች። በኦክቶበር ኦሩች ሬይስ የተባለች የቱርክ የምርምር መርከብ ሞቃዲሾ ደርሳ የባሕሩን ወለል ማጥናት ጀመረች። ሶማሊያ ልትቀዳ መብቷ ነው። የዚያ ባሕር ጠባይ ግን ልዩ ነው። በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ከጥልቁ ቀዝቃዛና ምግብ የሞላበት ውሃ ያወጣል፤ ዓሣው የሚበዛው ለዚያ ነው። ጅረቱም እንደ ነፋሱ አቅጣጫውን ይቀይራል። ከሰኔ እስከ መስከረም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ሶኮትራ ደሴት በኩል ይነጉዳል። በበጋ ተገልብጦ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኬንያ ይፈሳል።

ስለዚህ የሶማሊያ የፍሳሽ ዕቅድ ሁለት መሆን አለበት፤ አንድ ለክረምት፣ አንድ ለበጋ። በበጋው ላይ የኬንያ ስልክ ቁጥሮች መኖር አለባቸው። ቢቻል በሕይወት ያሉ ሰዎች ቁጥር።